ማክዳ አትሄድም

ፈለቀች ልጇን ወደ አገር ቤት እንድትልክ የተወሰነው እሷ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ማንም አልጠየቃትም። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ካይሮ ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች የሚያርፉበት ቀን። አይን ሻምስ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጓደኛዋ ከሶስና ጋር በጋራ በተከራየችው ቤት ሳሎን ውስጥ እትዬ ከፍያለች ተቀምጠዋል። እትዬ ከፍያለች ከሁላችንም በፊት ካይሮ የገቡ ናቸው። ለታመመ ሐኪም ያገናኛሉ፣ ሥራ ላጣች አሠሪ ማዳም ያፈላልጋሉ፤ ቃላቸው ይከበራል። በወሩ መጨረሻ ለወንድማቸው ሠርግ ወደ አዲስ አበባ ሊበሩ ነው።

«እኔ ይዣት እሄዳለሁ» ሲሉ ፈለቀች ሰማች። «እቅፌ ላይ አድርጌ። አያቷ ከሉማሜ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ይቀበሉኛል። ትናንት በስልክ ጨርሰናል።»

ሽንኩርቱን ከነቢላዋው ትታ ወጣች። አምስት ወር የሆናት ማክዳ ሶስና ጭን ላይ ተቀምጣ የሶስናን ማተብ ትጎትታለች።

«ማንን ነው ይዘው የሚሄዱት?»

«ማክዳን ነዋ! ደስ አይልሽም?»

«ማክዳ አትሄድም።»

እትዬ ከፍያለች ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ አንጀቴን ትበይኛለሽ እኮ። ግን ያለነው የጣሳ ወተት ፋርማሲ ለፋርማሲ ተዙሮ በሚታጣበት አገር ነው። ሲገኝም ዋጋው ባለፈው ሳምንት የነበረው አይደለም። ዳይፐሩስ? ጧት ገዝተሽ ማታ ትጥይዋለሽ። ያንቺ ልፋት እኮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው የሚገባው። እናትሽ ጋ ላም አለች።»

«ላሟ እናቷ አይደለችም።»

ሶስና ማተቧን ከማክዳ እጅ አስለቀቀች። «ፈሌ፣ አታካብጂው። ሁላችንም ልከናል። እኔም ልኬ ነው እስካሁን የቆምኩት።»

እውነቷን ነው። ሶስና ልጇን ገና ሳይድህ ልካዋለች፤ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ ደሴ ከአክስቱ ጋር ይኖራል።

«ልጅሽ ስልክ ላይ ማን ብሎ ነው የሚጠራሽ?» አለቻት ፈለቀች።

ሶስና ተነሳች። ማክዳን ለእናቷ አቀብላ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

እትዬ ከፍያለች ቦርሳቸውን አነሱ። «እንግዲህ እኔ የምሄደው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ልብሽ ይመለሳል» ብለው ወጡ።

እኔ እዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፊሉን ራሷ ነግራኛለች። ፈለቀች ከጎጃም፣ ከሉማሜ ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን ደረጃው ላይ ሻንጣሽን ልያዝልሽ ብያት «እጅ አለኝ» ብላ አልፋኝ ወጥታለች። የማክዳ አባት ሲሳይ ቀለም ቀቢ ነበር። ልጅቷ በተወለደች በጥቂት ሳምንት ሊቢያ ሥራ አለ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ሰው ስለሱ ሲጠይቃት «ጡት የለውም፣ ምን ያደርግልኛል» ትልና ወሬውን ትዘጋዋለች።

ሥራዋ ሸይኽ ዛይድ ነበር፤ በር ላይ ዘበኛ በሚቆምበት፣ ሳሩ ከሰው በላይ ውኃ በሚጠጣበት ግቢ ውስጥ፣ ማዳም ኒቪን ቤት። ከአይን ሻምስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ መጀመሪያ ሜትሮ የሚሉት ባቡር፣ ከዚያ ሚክሮባስ የሚሉት ሚኒባስ፣ ከዚያ ከግቢው በር እስከ ቤቱ በእግር። ማክዳን ጎን ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለሠራተኛ እናቶች ልጅ ለምትይዝ ለአዜብ ጥላ ጎሕ ሲቀድ ትወጣለች፤ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ያልተጠባ ጡት እያነሰ ሄደ። ጡጦው ቦታውን ያዘ። ጡጦው ደግሞ ጣሳ ይፈልጋል።

ጣሳ ፍለጋውን ያልደረሰበት አያውቀውም። አንዱ ፋርማሲ «ነገ» ይላል፣ አንዱ ወተቱን የምሸጥልሽ ይሄን ክሬምና ይሄን ሻምፖ አብረሽ ከወሰድሽ ነው ይላል፣ አንዱ ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ የራሱን ዋጋ ይጠራል። ፈለቀች ክሬሙን ወርውራለት የወጣችበት ፋርማሲ አለ። ግን ወርውሮ መውጣት ልጅ አያጠግብም። እና አንድ ቀን፣ የያዘችው ጣሳ እስከ ደመወዝ እንዲደርስላት ብላ፣ ዱቄቱን ከታዘዘው ቀንሳ በጠበጠችው። በማግሥቱም እንደዚያው አደረገች። ጡጦው ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው፣ ማክዳም ትጠጣዋለች። ጣሳው ቆየላት። ብልሃት ያገኘች መስሏት ነበር።

ነገሩን ያስተዋለችው አዜብ ናት። «ይቺ ልጅ ዝምታዋ አላማረኝም» አለቻት አንድ ምሽት። «ድሮ ታስቸግረኝ ነበር። አሁን ዝም ብላ ትተኛለች። ልጅ እንዲህ አይተኛም።»

ፈለቀች በማግሥቱ ሥራ ቀርታ ስደተኞችን ወደሚያክም ክሊኒክ ወሰደቻት። ነርሷ ሲስተር ኢኽላስ የምትባል ሱዳናዊት ናት። ማክዳን ሚዛን ላይ አድርጋ፣ የሆዷን ቆዳ በጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችውና ፈለቀችን አየቻት።

«ወተቱን አቅጥነሽዋል?»

ፈለቀች መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች።

«ሆዷን በውኃ እየሞላሽ ነው የምታስርቢያት። ልጅ በዚህ ይሞታል፣ ሰማሽ? ጣሳው ላይ የተጻፈው ልክ ለጌጥ አይደለም። አንዲት ማንኪያ አትቀንሺም። ሁለተኛ እንዳላይ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጡትሽስ?»

«ነጥፏል ማለት ይቻላል።»

«ማታ ማታ ትይዛለች?»

«ትይዛለች።»

«እንግዲያው አልነጠፈም። ደጋግመሽ አስይዣት። ሥራ ቦታ ስትሆኚ በእጅሽ እያለብሽ፣ በንጹሕ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪ። ወተት የሚመጣው ሲፈለግ ነው። እስኪበረክት ጣሳው አይቆም፤ ከበረከተ በኋላ ራሱ ይቀንስልሻል።»

ፈለቀች ከክሊኒኩ ወጥታ ሜትሮ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ባቡሮች መጡ፣ ሄዱ፤ አልተነሳችም። ማልቀስ አሰኝቷት እንደነበር ነግራኛለች፤ ግን ከማልቀሱ ይልቅ ንዴቱ ቀደማት። በራሷ ተናደደች፣ በባለ ፋርማሲው ተናደደች፣ በሲሳይ ተናደደች፣ ልጇን ለመሸኘት ሻንጣ በሚያዘጋጁት ሁሉ ተናደደች። ከልጄ ሆድ ምንም አልቀንስም አለች። የሚቀነስ ካለ ከሌላው ይቀነስ።

ከዚያው ከጣቢያው በቀጥታ አይን ሻምስ ገበያ ሄደች። ግብፆች ካስቱር የሚሉት ወፍራም፣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አለ፤ የክረምት ፒጃማ ይሰፉበታል። ቁርጥራጩን በኪሎ የሚሸጥ ሰው አገኘች። ቤት ወስዳ ቀቀለችው፣ ቆረጠችው፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋችው። እናቷ እሷን ያሳደገችበት የሽንት ጨርቅ ነው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረችም። እዚያው ገበያ ከፋብሪካ የተጣሉ፣ ማጣበቂያቸው የጠመመ ዳይፐሮች በኪሎ ሲሸጡ አየችና እነሱንም ያዘች፤ ለሌሊትና ለመንገድ። ለቀኑ ጨርቅ።

አዜብ ጨርቁን ስታይ እጇን አወናጨፈች። «ኧረ በእመቤቴ! ይሄን ሁሉ ልጅ ይዤ ጨርቅ ልጠብ?»

«አታጥቢ። በፌስታል ቋጥረሽ አቆዪልኝ፣ እኔ አጥባለሁ።»

«ይሸታላ!»

«ዳይፐሩስ ሽቶ ነው የሚሸተው?»

አዜብ እያጉረመረመች ተቀበለች።

ቀጥሎ ወተቱ ነበር። ማዳም ኒቪን ክፉ የምትባል ሴት አልነበረችም። አትሳደብም፣ የተረፈ ምግብ ትሰጣለች፣ በበዓል ጊዜ ልብስ ትሰጣለች። ፈለቀች ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኛ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ብልቃጥ ውስጥ ታልባለች። መጀመሪያ ቀን የብልቃጡን ታች እንኳ አልሸፈነም። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ደረሰ። በተቀቀለ የማርማላታ ብልቃጥ ዘግታ፣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላ፣ ፍሪጁ በር ላይ ከሎሚው ጀርባ ታስቀምጠዋለች፤ ማታ በበረዶ ይዛው ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማዳም ሎሚ ፈልጋ አገኘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጄ ወተት ነው፣ ማዳም።»

«የምን ወተት?»

«የጡቴ።»

ማዳም ብልቃጡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። «ልጆቼ በሚበሉበት ፍሪጅ ውስጥ? ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ትንሽ እንኳ አይቀፍሽም?» አለችና ክዳኑን ከፍታ ደፋችው። ውኃ ለቀቀችበት።

ፈለቀች ወተቱ ሲሄድ አየች። ያን ለማለብ የወሰደባትን ጊዜ፣ የታገሠችውን ሕመም እሷ ነች የምታውቀው።

«ማዳም፣ ምሳሽን ያበሰልኩት በነዚህ እጆች ነው። የልጆችሽን አፍ፣ የልጆችሽን ቂጥ የጠረግኩት በነዚህ እጆች ነው። ያኔ አልቀፈፈሽም።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም።»

«የጣሳ ወተት ግዢላት! ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ከምትከፍይኝ ላይ? አንቺ ራስሽ ዋጋውን ታውቂዋለሽ?»

ማዳም ቧንቧውን ዘጋች። ፈለቀች ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የሠራሁበትን ስጪኝ፣ ልሂድ።»

«በወሩ መጨረሻ ነይ።»

«አሁን ነው የምፈልገው። ዛሬ እንግዶች አሉሽ አይደል? እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሲመጡ ሻይ አቀርብላቸዋለሁ፣ ለምን እንደተቀመጥኩም እነግራቸዋለሁ።»

ደግሞም ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ወጥ ቤት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ማዳም ኒቪን ጥቂት ቆማ አየቻትና ወደ ላይ ወጥታ ገንዘቡን ይዛ ወረደች።

በሚክሮባሱ ውስጥ ወተቷ ሸሚዟን አርሶ ወጣ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አይቶ ፊቱን አዞረ። ፈለቀች ሻርፓዋን አልሳበችም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች አብዳለች አሉ። ሥራ ትታ፣ ያውም ልጅ ይዛ፣ ያውም በዚህ ጊዜ!  ከዚያ ዓርብ ወዲህ ፈለቀችና ሶስና ከቤት ጉዳይ በላይ አይነጋገሩም ነበር። ብቻ ፈለቀች ሥራ በፈታችበት ማግሥት ጧት ወጥ ቤት ስትገባ፣ ምድጃው ላይ ድስት ሙሉ አጥሚት ተሠርቶ አገኘች። ሶስና ወደ ሥራዋ ሄዳ ነበር።

ፈለቀች ማክዳን ቀን ከሌት ጡት ላይ አዋለቻት። ቀላል አልነበረም። ማክዳ ጡጦ ለምዳለች፤ ጡጦው ሳትለፋ ነው የሚሰጣት። ትይዝና ትተወዋለች፣ ትጮኻለች፣ ፊቷ በርበሬ ይመስላል። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ሆኜ እሰማት ነበር። የጡቷ ጫፍ ቆስሎ ፈለቀች ከንፈሯን ነክሳ ታጠባ ነበር። ከጡት ቀጥሎ ጣሳው፣ በታዘዘው ልክ፣ ያለ ቅነሳ። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ማክዳ ጡጦውን ግማሽ ላይ ትታ ተኛች። ፈለቀች ጡጦውን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ልጅቷ ጠግባ ነው የተወችው።

የጨርቁ ጠብ የተነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ፈለቀች ቤት መዋል ስትጀምር የሽንት ጨርቁም በዛ፤ በረንዳዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሰቀላል። ከበታቿ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ደግሞ የሕንፃው ባለቤት ሓጋ ኢንሽራሕ ናት። ሓጋ ወፍራም፣ ድምፀ ትልቅ፣ ኪራይ በቀኑ ካልደረሰ ራሷ ደረጃ ወጥታ በር የምትደበድብ ሴት ናት። አንድ ጧት ብርድ ልብሷን አስጥታ ሳለ ውኃ ተንጠባጠበበት።

«ያ ፈለቃ!» ብላ ስሟን እንዳመቻት እየጠራች ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። እኔም ወጣሁ። «የልጅሽ ሽንት ብርድ ልብሴ ላይ ነው!»

ፈለቀች ከላይ አንገቷን አወጣች። «ሽንት አይደለም! የታጠበ ነው፣ የተቀቀለ ነው!»

«አንሺልኝ! ነገ ይሄን ጨርቅ እዚህ ካየሁ ከነልጅሽ ትወጫለሽ!»

«አላነሳም! ፀሐይ የሚገባበት ሌላ ቦታ የለኝም። ካላመንሽ አሽትቺው!» አለችና አንዱን ጨርቅ ከገመዱ መንጭቃ ቁልቁል ለቀቀችው። ጨርቁ እየተውለበለበ ወርዶ የሓጋ ኢንሽራሕ ብርድ ልብስ ላይ አረፈ።

ከዚያ ወዲያ ፈለቀችን ዳግመኛ እዚህ ሕንፃ አናያትም ብዬ ነበር። ሓጋ ጨርቁን አነሳች። አሻሸችው። ሁሉም እያያት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ካስቱር ነው?» አለች።

«ካስቱር ነው።»

«ሁለት ጊዜ አጥፈሽ ነው የሰፋሽው?»

«መሐሉን ሦስት ጊዜ።»

ሓጋ ጨርቁን መልሳ አጠፈችው። «እኔም አምስቱንም ልጆቼን በካፉላ ነው ያሳደግኩት» አለች፤ የሽንት ጨርቅን ግብፆች እንደዚያ ነው የሚሉት። «የልጆቼ ሚስቶች ዛሬ ዳይፐር በካርቶን እየገዙ ይጥላሉ።» ከዚያ ተመልሳ ፊቷን አኮሳተረች። «ቢሆንም እዚህ አይሰቀልም። ብርድ ልብሴ ረጠበ።»

«እንግዲያው የጣራውን ቁልፍ ስጪኝ።»

«ጣራው ላይ ዳክዬዎቼ አሉ።»

«ዳክዬዎችሽን እኔ አበላልሻለሁ። ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

አንዱ በረንዳ ላይ ሰው ሳቀ። ሓጋ ወደዚያ ገልመጥ አድርጋ አየችውና ሰውየው ወደ ውስጥ ገባ። ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ፈለቀች ጧት ጧት ማክዳን በአንቀልባ አዝላ ጣራ ትወጣለች፤ ዳክዬዎቹን ታበላለች፣ ጨርቁን ታሰጣለች። የካይሮ ፀሐይ ውኃ ሲያገኝ አይምርም፤ የመጨረሻውን ሳትሰቅል የመጀመሪያው ይደርቃል።

ወሩ አለቀ። እትዬ ከፍያለች ሊሰናበቱ ሳይሆን ማክዳን ሊወስዱ መጡ። ለማክዳ ትንሽ ሻንጣ ገዝተውላታል፤ ሮዝ ነው፣ ጎማ አለው። ሶፋው አጠገብ አቆሙትና የፈለቀችን እናት በቪድዮ ደወሉ። እናትየዋ ስልኩን በጣም አስጠግተው ስለያዙት ግንባራቸውና ነጠላቸው ብቻ ነው የሚታየው።

«ልጄ፣ እምቢ አለች አሉኝ» አሉ። «እኔ እኮ አሳድጋታለሁ። አንቺን ያሳደግኩ አይደለሁም?»

«አንቺ እኔን አሳድገሽኛል፣ እማዬ። ማንም አልወሰደኝም ከጉያሽ። ያኔም ደልቶሽ አልነበረም።»

«ያኔ አገራችን ላይ ነበርን።»

«እኔም ያለሁበት ነው የማሳድጋት።»

እትዬ ከፍያለች ጣልቃ ገቡ። «በምን? ሥራሽን ወርውረሽ መጣሽ። በአፍሽ ነው የምታሳድጊያት?»

ማክዳ ድምፅ ሲበዛባት ማልቀስ ጀመረች። ፈለቀች መልስ ሳትሰጥ ተቀምጣ አስያዘቻት። ማክዳ ያዘች፤ ዋጥ ዋጥ ስታደርግ በስልኩ ሳይቀር ይሰማል። እናትየዋ ስልኩን ከፊታቸው አራቁት፤ ያን ጊዜ ዓይናቸው ታየ።

«ወተት ተመለሰልሽ?»

«ተመለሰ፣ እማዬ።»

እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ምን አስመጣችሁኝ አዲስ አበባ ድረስ?» አሉ፤ ግን ቁጣ አልነበረበትም። «አጥሚት ጠጪ። እግርሽን ብርድ አይምታው።»

እትዬ ከፍያለች ግን ተቆጡ። ለዚች ልጅ የደከሙትን ሁሉ ዘረዘሩ፤ የጉዞ ወረቀቱን፣ የጠየቁትን ሰው፣ ሻንጣውን። ውለታ ያልገባት አሏት። «ነገ ስትቸገሪ እኔ ጋ እንዳትመጪ!»

«ከቸገረኝ እመጣለሁ» አለች ፈለቀች። «እርስዎ ለእኔ ብለው እንደደከሙ አውቃለሁ። ግን ልጄን እንድሰጥ ማንም አያስገድደኝም፤ እርስዎም ቢሆኑ።»

ሶስና ይህን ሁሉ ጊዜ የመኝታ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነበር። «እትዬ፣ ተዉአት» አለች። ሁሉም ዞሩ። «የኔ ልጅ ስሜን ነው የሚጠራኝ። ሶስና ነው የሚለኝ። እማዬ የሚላት አክስቱን ነው።» ወደ ሳሎኑ ወጣች። «ያኔ ሁላችሁም ላኪው አላችሁኝ፣ እኔም ላክሁት። እሷ አትልክም። ኸላስ፣ አለቀ።»

እትዬ ከፍያለች ሮዙን ሻንጣ ጎትተው ወረዱ። የጎማው ድምፅ አራቱንም ፎቅ እስኪወርድ ተሰማ። በማግሥቱ ብቻቸውን በረሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደግ ነው አልልም። ፈለቀች ሸይኽ ዛይድ መመላለሱን ትታ ለአይን ሻምስ ቅርብ በሆነው በሄሊዮፖሊስ የቀን ጽዳት ፈለገች፤ ልጇን አዝላ። ብዙ በር ተዘጋባት። አንዷ «ልጅቷን የት ነው የምታስቀምጫት?» ስትላት «እዚሁ ጀርባዬ ላይ» ብትል ሳቀችባት። ሥራ ያጣችባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ሶስና የቤት ኪራዩን ብቻዋን የከፈለችበት ወርም አለ። በመጨረሻ አንዲት ጡረታ የወጣች ዓይነ ደካማ ሴትዮ ቀጠረቻት፤ ቀጥሎ የሴትዮዋ እኅት፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ። ሜትሮ ውስጥ በሴቶቹ ፉርጎ አንቀልባውን የሚነኩ አሉ፣ የሚገላምጡ አሉ። ምስኪን፣ ልጅቷ ታፈነች የምትል ሴት አትጠፋም። ፈለቀች ትመልሳለች፤ እሷ መመለስ አይደክማትም።

ማክዳ ስድስት ወር ሲሞላት ክሊኒኩ እንዳዘዘው ምግብ ጀመረች። ለልጅ ተብሎ በካርቶን የሚሸጠውን ፈለቀች አልገዛችም። ድንችና ካሮት ቀቅላ ትፈጫለች፣ ምስር ታለሳልሳለች፣ ፉል ልጣጩን ገፍፋ ታበላታለች። ጣሳው በአንድ ጊዜ አልቆመም። እሷ ስትታመምና ወተቷ ሲያንስ ገዝታለች፤ ገዝታም በልኩ በጥብጣለች። አዜብ ጋ ልጃቸውን የሚጥሉ እናቶች የማክዳን ጨርቅ እያዩ መጠየቅ ጀመሩ። ሓጋ ኢንሽራሕ አሮጌ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዋን አወረሰቻት፤ አወረሰቻት ማለቴ፣ ሁለት ዳክዬ ሲፈለፈል ፈለቀች አንዱን ልታሳድግላት ተስማምታ። ፈለቀች ለቸገራቸው ትሰፋለች፤ ወተት ለሚያቀጥኑትም ትናገራለች። እንዴት እንደምታውቅ ሲጠይቋት «አድርጌው አውቃለሁ፣ ልጄን ልገድላት ነበር» ብላ ፊት ለፊት ነው የምትነግራቸው።

ባለፈው ሳምንት ፒራሚዶቹ አጠገብ ሀረም በሚባለው ሰፈር መንታ የወለደች ማኅሌት የምትባል ሴት እንዳለች ሰማች። ወተቷ ገና አልወረደም፣ ዘመዶቿም ተደናግጠዋል አሏት። ፈለቀች የሰፋችውን ጨርቅ በፌስታል ጠቅጥቃ፣ አሁን መራመድ የጀመረችውን ማክዳን ይዛ ወጣች። የፒራሚዶቹ መንገድ እንደ ልማዱ በመኪና ታንቋል። የሚክሮባሱ ሾፌር በመስታወት አይቷት፣ ልጅቷ ወንበር ስለያዘች ለእሷም ክፈይ አላት። ፈለቀች ማክዳን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ከዚሁ ከእኔ ነው የተወለደችው፣ ወንበሯም እኔ ነኝ። ሒሳብ ካለህ ከእኔ ጋር ነው» አለችው በዐረብኛ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሾፌሩም ጡሩምባውን ነፍቶ ተወው።

እነማኅሌት ቤት ስትደርስ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሁለቱም ሕፃናት ያለቅሳሉ። ፈለቀች ፌስታሉን በር ሥር አስቀመጠች። ማክዳን አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለች። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ማኅሌት አጠገብ ተቀመጠችና ጠየቀቻት፦

«የትኛው ነው ይበልጥ የራበው?»